አራተኛው እንጨት

ዘበኛው ካሱ ሞቶ በተገኘበት ሜዳ ላይ የቆሙት እንጨቶች ሦስት ነበሩ፤ መቆም የነበረባቸው ግን አራት ናቸው። ሜዳው ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ነው። ተለማማጅ ሁሉ በአራቱ እንጨት መሃል መኪናውን በኋላ ማርሽ አስገብቶ ማቆም አለበት፤ እንጨት የነካ ይወድቃል። ያካባቢው ወጣት የመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን የሚያገኘውም የሚያጣውም በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ውሃ ለመቅዳት ስትገባ፣ ካሱን አራተኛው ማዕዘን ላይ በጎኑ ተጋድሞ አገኘችው። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ሁለት ጊዜ በስሙ ጠራችው።

ኢንስፔክተር ዳልጮ የደረሰው ሳጅን ምሥጋና እየነዳለት ነው። ዳልጮ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ኪሱ ውስጥ የሚዞር መንጃ ፈቃድ አለው፤ መንዳት ግን አይችልም። ያኔ አንድ የሚያውቀው ሰው «እንካ» ብሎ ሰጠው፤ አንድ ቀን ሞክሮ የጎረቤት አጥር ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም። ምሥጋና ይህን ስለሚያውቅ በየጠዋቱ «ዛሬ እርስዎ ይነዳሉ ወይስ እኔ?» እያለ ይቀልድበታል። ያን ጠዋት ግን አልቀለደም።

ሟቹ ላይ ደም አይታይም። ልብሱ አልተቀደደም። ጋቢው ከራሱ ሥር ተጣጥፎ ገብቷል፣ አጠገቡ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጆግ ተቀምጧል።

«አራተኛውን እንጨት ነቅለው በሱ መትተውታል» አለ ምሥጋና። «ከዚያ ይዘውት ሄደዋል። ጉድጓዱንም ደፍነውታል፣ ይኸው።»

ዳልጮ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ጉድጓድ የለም። አፈሩ ተጠቅጥቋል፤ ሁለት ጫማ የሚያህል ቦታ ላይ ሣር የሚባል አልበቀለም።

«ደብድቦ የገደለ ሰው ትራስ ያደርጋል?» አለ። «ውሃስ ያጠጣል?»

«ጸጸት ይዞት ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለ ዳልጮ። በኋላ በኋላ ያን የተራቆተ አፈር አይቶ ማለፉን ባሰበ ቁጥር ራሱን ይረግማል።

የሜዳው የዘበኛ ቤት አንድ ሰው ብቻ የምታስተኛ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሦስት የመኪና ቁልፎች በሦስት ሚስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ጥግ ላይ የራት ሳህን ክዳኑ ሳይከፈት ተቀምጧል። ውጭ የቆሙትን ሦስት መኪኖች ዞረው አዩ። የተለማማጅ መኪና ያልተጎዳ ጎን የለውም፤ ከጭረቱና ከጉድጓዱ የትኛው የትናንት፣ የትኛው የአምና እንደሆነ የሠራው ፋብሪካም አይለየውም። ከሦስቱ አንዷ፣ ነጭ ኮሮላ፣ ቀጥ ብላ፣ ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ተደርጎላት ቆማለች።

«ትናንት ማታ ማን ገባ?» ብሎ ሻይ ሻጯን ጠየቃት።

«ማንም አልገባም ጌታዬ። እኔ እስክሄድ ድረስ ማንም።»

አሰልጣኙ ጌዲዮን በሦስት ሰዓት መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ጥቁር መነጽሩን ጥላ ውስጥ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። ካሱን በቃሬዛ ሲያወጡት አየና ዘወር አለ።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?» አለው ዳልጮ።

«ካምባ። ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ አሁን መግባቴ ነው።»

«ባለፈው ዓርብ ከካሱ ጋር ተጯጩኻችኋል አሉ።»

«የሥራ ነገር ነው።»

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«የሞተ ሰው ስም ማንሳት አልወድም» አለ ጌዲዮን። እንዲህ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የራሱን ስም ነው፤ ዳልጮ በልቡ ያዘለት።

ለዓርብ ፈተና የቀረቡት ተለማማጆች አሥራ አንድ ናቸው። ዳልጮ ማህደራቸውን አንድ በአንድ ገለጠ። የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የዓይን ምርመራ ያለበት የሐኪም ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የጽሑፍ ፈተና ውጤት፣ በመጨረሻም አሰልጣኙ የሚፈርምበት የልምምድ ሰዓት መዝገብ። ዘጠኙ ትልልቅ ሰዎች፣ ሁለቱ ገና ልጆች ናቸው። አንደኛው ዕዝራ ይባላል፣ የሙዝ ነጋዴ ልጅ። በቀበሌ መታወቂያው ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከሥሩ በተያያዘው የፋይዳ መታወቂያ ደግሞ አሥራ ሰባት።

«ይህ ልጅ ሁለት ጊዜ ነው የተወለደው» አለ ዳልጮ።

ጌዲዮን አንገቱን ደፋ። «ካሱም እንደዚሁ ነው ያለው። ቅዳሜ ዕለት ከሜዳው አባረረው። ለፖሊስ እነግራለሁ ብሎ አስፈራራው። ልጁም ‹ታያለህ› ብሎት ሄደ። ከሰኞ ጀምሮ ከተማ የለም ይላሉ።»

የመጨረሻው ማህደር ላይ «ብሩክታዊት ካሱ» ይላል። ባለፈው ወር አሥራ ስምንት ሞልቷታል።

«የሱ ልጅ ናት?»

«አንድ ልጁ ናት። ከኦቾሎ መንደር ሽመናውን ትቶ የወረደው እሷን ለማስተማር ነው። አሥራ ስምንት እስክትሞላ ከእሷ ይልቅ እሱ ነበር ቀን የሚቆጥረው። በዘሩ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው የለም።»

የካሱ ቤት ሲቀላ ገበያ ጀርባ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። ባለቤቱ ወርቂቱ በጎረቤት ሴቶች መሃል ተቀምጣ ታለቅሳለች። ልጅቷ ግን ከመካከላቸው የለችም፤ ውጭ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች።

«ራቱን የምታደርሽለት አንቺ ነሽ?» አላት ዳልጮ።

«አዎ። ሁልጊዜ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም።»

«እዚያ ሌላ ሰው አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«አባትሽ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።» የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ጎተተች። «‹ደህና ነኝ፣ አንቺ ሂጂ› አለኝ።»

ወርቂቱ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። «ወንድሜ፣ ልጄን አያስጨንቁብኝ። ስንት ሰዓት ገባች እንዳይሉኝ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ መጻሕፍት አጥንታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምትገባው፣ ሁልጊዜ ነው። የገደለውን ይፈልጉልኝ። ባሌ ከሰው ጋር አይጣላም። ማን ምን አድርጎት ነው?»

«እፈልገዋለሁ እትዬ ወርቂቱ» አላት። ለስንት መበለት እንዲህ ብሏል! ለአንዳንዶቹ አግኝቷል፣ ለአንዳንዶቹ አላገኘም። ይችኛዋን ግን ዓይኗን እያየ ስለ ማለላት፣ ነገሩ ከሥራ አልፎ የራሱ ዕዳ ሆነበት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ዕዝራ ካምባ አጎት እንዳለው ሰምተው፣ የጌዲዮንንም ቃል ሊያጣሩ፣ ወደዚያ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ምሥጋና ስለ ዕዝራ ሲናገር ነበር። አስፈራርቷል፣ ጠፍቷል፣ የሐሰት መታወቂያ አለው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዳልጮ መስኮቱን ከፈተ። ልጁን ገበያው ዳር፣ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጨው ሲመዝን አገኙት። ገና ጢሙ ያላቆጠቆጠ፣ ሃያ ዓመቴ ነው ቢል ሰው የሚስቅበት ልጅ ነው።

«ለምን ጠፋህ?» አለው ምሥጋና።

«መታወቂያውን አባቴ ነው ያሠራልኝ። ጋሽ ካሱ ለፖሊስ እነግራለሁ ሲለኝ ፈራሁ።» ከዚያ ሁለቱንም በየተራ አያቸው። «ነገራችሁ እንዴ?»

«ካሱ ሞቷል» አለው ዳልጮ።

ልጁ ሚዛኑን ይዞ ቀረ። ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ያለውን ድንጋጤ ማስመሰል የሚችል ልጅ ቢኖር ዳልጮ ጡረታ ይወጣ ነበር። አጎቱም፣ የሚኒባሱ ረዳትም፣ ከአጎቱ ጋር ራት የበሉት ጎረቤትም አንድ ቃል ተናገሩ። ዕዝራ ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ፣ ማታውን ካምባ ነበር።

«እኔ ሰደብኩት» አለ ዕዝራ እያለቀሰ። «እሱ ግን ሲያባርረኝ እንኳ አልተቆጣም። ‹ዕድሜህ ሲደርስ ና፤ እኔው ራሴ ቆሜልህ ትለምዳለህ› አለኝ።»

«አሰልጣኝህን ጌዲዮንን እዚህ ካምባ አይተኸው ነበር?»

«ጋሽ ጌዲዮን? ሰኞ መናኸሪያው ውስጥ የሶዶ መኪና ሲሳፈር ነው ያየሁት። ሰላም ስለው መነጽሩን አስተካክሎ ያላየኝ መሰለ።»

ምሥጋና መኪናውን ሲያስነሣ «አሰልጣኙ ዋሽቷል» አለ። የጠፋውን ጥርጣሬ ወዲያው በሌላ ተካው።

የዳልጮ ስልክ ጮኸ። የሆስፒታሉ ሐኪም ነው።

«ግራ ጎኑን ሰፊ ነገር መትቶታል» አለ ሐኪሙ። «ሁለት የጎድን አጥንት ተሰብሯል፣ ጣፊያው ተተርትሯል። ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው፣ ቀስ እያለ።»

«በእንጨት ነው?»

«እንጨት ጠባብ ነው። ይህ እንደ መኪና የኋላ ኮፈን ያለ ነገር ነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ነበር።»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«አይደለም። እንዲህ የተመታ ሰው መጀመሪያ ይነሣል፣ ያወራል፣ ቀላል ነው ብሎ ያስባል። የሚደክመው ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ነው።»

ዳልጮ ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለገም፤ ግን ጠየቀ። «ቶሎ ቢመጣላችሁስ?»

«ይተርፍ ነበር» አለ ሐኪሙ።

ጌዲዮንን ማሰልጠኛው ቢሮ ውስጥ ብቻውን አገኙት። ዳልጮ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሶዶ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

ጌዲዮን ብዙ አልተከራከረም። መነጽሩን አወለቀ። የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ነገር አጥልቷል። ከኪሱ የክሊኒክ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ የሰኞ ማህተም አለበት፣ ቀጠሮው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው» አለ። «እዚህ ብመረመር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ተለማማጁን ሁሉ ለዓይን ምርመራ የምልከው እኔ ነኝ። ራሱ የማያይ አሰልጣኝ ማን ያሠራዋል?»

ምሥጋና ካርዱን ይዞ ስልክ ለመደወል ወጣ። ዳልጮ ግን አልተነሣም። ሰውየው እውነት መናገሩ ገብቶታል፤ እንዲያውም አሳዘነው።

«ጥሉስ? የዓርቡ?»

«ለልጁ፣ ለብሩክታዊት ነው። የጽሑፉን ፈተና ጥሩ አድርጋ አልፋለች። በኋላ ማርሽ ማቆም ግን አቃታት፣ እንጨት ሳትነካ አስገብታ አታውቅም። እኔም ምን አለበት፣ የሠራተኛ ልጅ ናት፣ የቀራትን የልምምድ ሰዓት ልፈርምላትና ፈታኞቹን አናግሬ ትለፍ አልኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።» ጌዲዮን መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ‹ሳትችል ወረቀት ይዛ መንገድ ትውጣ? ነገ የእናት ልጅ ብትገጭ ደሙ የማን ነው?› አለኝ። ‹ልጄ በሰው ነፍስ አትለምድም› አለ።»

ዳልጮ ኪሱ ውስጥ ያለው መንጃ ፈቃድ ድንገት የከበደው መሰለው።

«ታዲያ ለመደች?»

«እሱ ነው የገረመኝ። ሰኞ ጠዋት አንዱንም ሳትነካ አስገባችው። ማን እንዳለማመዳት አልጠየቅኋትም።»

«ጌዲዮን» አለ ዳልጮ ቀስ ብሎ፣ «አራተኛው እንጨት የተነቀለው መቼ ነው?»

«የትኛው? እሱማ ከክረምት በፊት ነው፣ ለማገዶ ወሰዱት። እንተክላለን ስንል ጊዜው ሄደ። እስከዚያው ሰው እናቆማለን። ‹አንድ ሰው እዚያ ይቁም› ካልን የሚቆም አይጠፋም።»

«አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ማን ነው?»

«ካሱ ነዋ። ‹ና፣ ና፣ ና› እያለ ይጠራሃል፤ ሲበቃ ‹ቁም!› ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ቦታ በስንዝር ይለካል። ሸማኔ አይደል? በስንዝር ካልለካ አያምንም።»

ጌዲዮን ይህን ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረና ቀስ ብሎ ጠፋ።

ዳልጮ ወደ ሜዳው ወጣ። አራተኛው ማዕዘን ላይ ያለውን የተራቆተ አፈር ቆሞ አየ። ጉድጓድ የተደፈነበት አልነበረም። የሁለት እግር ቦታ ነው፤ ስንት ምሽት እዚያው ላይ ቆሞ ቢጠብቅ ነው እንዲህ የተጠቀጠቀው! ሻይ ሻጯም «ማንም አልገባም» ስትል አልዋሸችም። ራት የምታደርስ ልጅን ማን እንደ ገባ ሰው ይቆጥራታል?

ሐሙስ ሣልስቱ ነው። ካሱ፣ አስከሬኑ ተመርምሮ፣ ማክሰኞውኑ ከሰዓት የተቀበረው በትውልድ መንደሩ ኦቾሎ ነው። ዳልጮና ምሥጋና መኪናቸውን ከታች አቁመው ሽቅብ ወጡ። ዘመድ አዝማድ ድንኳኑን ሞልቶታል፤ ከገደሉ በታች የአባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ለዳልጮም የበቆሎ ዱቄት ኩርኩፋ ከሀለኮ ቅጠል ጋር ቀረበለት፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ቆረሰ። ዓይኑ ግን ልጅቷን ይፈልጋል። ከድንኳኑ ርቃ፣ እንሰቱ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም» አለችው ያባቷ እኅት። «ውሃ እንኳ ከእናቷ እጅ አትቀበልም። ራሷ ከምንጩ በእፍኟ እየጠጣች ትመለሳለች። ምን ዓይነት ሐዘን ነው!»

«አባቷ እኮ ነው» አለ ምሥጋና በሹክሹክታ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።»

«ያዘነ ሰው እህል ሊጠላ ይችላል። ከእናቱ እጅ ውሃ አይጠላም።» ዳልጮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ አገር የሰው ደም በእጁ ያለበት ሰው ከሟች ቤተሰብ ጋር እህል ውሃ አይቀምስም። ሽማግሌ ገብቶ እስኪታረቅ ጎሜ ነው። በሱም በእነሱም ላይ መዓት ያመጣል።»

ምሥጋና ያደገው ሻሸመኔ ነው። «እነዚህ እኮ ጌታን የተቀበሉ ናቸው። ጎሜ የድሮ ነገር ነው ይላሉ።»

«አፍ ይተወዋል» አለ ዳልጮ። «እጅ አይተወውም።»

ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከድንኳኑ የሴቶቹ ሙሾ ይሰማል። እንደ ሌላ ጊዜ በዙሪያው ጥያቄ ሊያጠምድ አልፈለገም፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ የቀረውን አንዱን ብቻ ጠየቃት።

«ልጄ፣ አባትሽ ‹ደህና ነኝ› ያለሽ፣ አንቺ ምን ብለሽው ነው?»

ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«‹ተጎዳህ ወይ?› ብዬው» አለች።

ከዚያ ያለ ማቋረጥ ነገረችው። ራት ካደረሰች በኋላ ማታ ማታ እሱ ራሱ ነበር የሚያለማምዳት። መኪኖቹን እንዲያጥብ ቁልፎቹን እሱ ጋ ስለሚተዉለት የኮሮላዋን ቁልፍ ይሰጣታል። ሰኞ ማታ አራት ጊዜ በትክክል አስገባች። አምስተኛው ለመሰናበቻ ነበር።

«‹ቁሚ› አለኝ፣ ቆምኩ። እንደ ልማዱ ሊለካ ጎንበስ አለ። ፍሬን ላይ ያለው እግሬ አዳለጠኝ ጋሼ። ነዳጁን ረገጥኩት። ማርሹን ገና አላወጣሁትም ነበር።»

«ወደቀ?»

«ወድቆ ራሱ ተነሣ። ሳቀ እኮ! ‹አራተኛውን እንጨት ነካሽ፣ ወደቅሽ› አለኝ። ባጃጅ ልጥራ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ‹ሰው ከመጣ ወሬው ይወጣል። ያለ አሰልጣኝ መኪና ነድታ ሰው ገጨች ካሉ ዓርብ አያስገቡሽም። ደህና ነኝ፣ ትንሽ ልረፍ። መኪናዋን ቦታዋ መልሺ፣ ድንጋይ አድርጊላት፣ ቁልፉን ስቀይና ሂጂ› አለኝ። ውሃ አመጣሁለት። ጋቢውን ከራሱ ሥር አደረግሁለት። በሩ ጋ ዞር ስል እጁን አውለበለበልኝ።» እጇን አየችው፣ የራሷ ያልሆነ ይመስል። «ሂጂ ቢለኝስ፣ ለምን ሄድኩ?»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ካሱ የፈራው ደም እሱው ራሱ ላይ ደረሰ። ዳልጮ አለቀሰ፣ ልጅቷ እያየችው።

ወርቂቱ የመጣችው ያኔ ነው፣ ሳህን ይዛ። በሦስት ቀን ውስጥ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ኩርኩፋውን ቆርሳ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። ብሩክታዊት ወደ ኋላ ሸሸች።

«ከእጅሽ አልበላም እማ። ጎሜ ነው።»

«ምን አልሽ?»

በጋሞኛ ነገረቻት። ጥቂት ቃል ነበር። ወርቂቱ ሳህኑን ጥላ ደረቷን በሁለት እጇ መታች፤ ያወጣችው ድምፅ ድንኳኑን ሁሉ ዝም አሰኘው። ሰው ተነሣ፣ ከበባቸው። ነገሩ ካንዱ ወዳንዱ አፍ ሲተላለፍ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሁለት ሽማግሌዎች ለእርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር ሊቆርጡ ወደ ምንጩ ወረዱ፤ እርቁ ሥርዓት አለው፣ ቀን አለው።

ወርቂቱ ግን መሬት ላይ ተቀመጠች። ከወደቀው ሳህን አፈር ያልነካውን ኩርኩፋ አነሣች።

«ብዪ» አለቻት።

«ወርቂቱ» አለ አንድ ሽማግሌ፣ «ሥርዓቱ ይቅደም እንጂ።»

«ሥርዓቱ ለሟች ቤተሰብ ነው። የሟች ቤተሰብ እኔ ነኝ።» የዘረጋችውን እጇን አልመለሰችውም። «አባትሽ እዚያ የቆመልሽ እንድትሞቺ አይደለም። ብዪ አልኩሽ።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። መዋጥ አቅቷት ብዙ ቆየች። ከዚያ ዋጠች፣ እናቷ ጭን ላይም ወደቀች።

ምሥጋና ቁልቁል ሲወርዱ «ዛሬ አንይዛትም?» አለ። «ብትጠፋስ?»

«ካሱ ያሳደጋት? አትጠፋም።»

ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት እናትና ልጅ ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። ዳልጮ ቃሏን ተቀበለ፣ አስፈረማት። ሕጉ የራሱ መንገድ አለው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል ብሎ ጻፈ፣ ሲጽፍ ግን ብዕሩ ሁለት ጊዜ ቆመበት። በሦስት ሰዓት ወደ ሜዳው ሄደ። ማን እንደላከው አያውቅም።

ፈታኙ ስም እየጠራ ነው። «ብሩክታዊት ካሱ!» አለ። «ብሩክታዊት ካሱ! የለችም?»

«የለችም» አለ ጌዲዮን። መነጽሩን አላደረገም።

ፈታኙ ስሟ ላይ መስመር ሊያሰምር ሲል ዳልጮ ወረቀቱ ላይ እጁን አኖረ። «አትሰርዛት። ቆይታ ትመጣለች።»

«መቼ?»

«አላውቅም። ግን ትመጣለች።»

የመጀመሪያው ተፈታኝ ነጯ ኮሮላ ውስጥ ገባ። ፈታኙ ሜዳውን አየና ተቆጣ። «አራተኛው እንጨት የታለ? በሉ አንድ ሰው እዚያ ይቁም!»

አንድ ቀጭን ወጣት ከተራው ወጥቶ ሮጠ፣ ሣር ባልበቀለበት ቦታ ላይ ሊቆም።

«ሰው አይቆምም!» ብሎ ጮኸ ዳልጮ። ድምፁ እንዲያ ይጮኻል ብሎ ራሱም አልጠበቀም። ወጣቱ ደርቆ ቀረ። «እንጨት ይምጣ። እስኪመጣ ማንም አይነዳም።»

በእግሩ ሲቀላ ገበያ ሄደ። ወፍራም የባሕር ዛፍ መርጦ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በባጃጁና በሰዉ መሃል ተመለሰ። ምሥጋና በመኪና ደርሶበት «ይጫኑት እንጂ ጋሽ ዳልጮ» አለው፤ እምቢ አለ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ዶማ ተቀበለና ራሱ መቆፈር ጀመረ።

«ትንሽ ወደ ግራ ነው» አለ ፈታኙ፣ የተጠቀጠቀውን አፈር በእግሩ እያሳየ። «ልኩ እዚህ ጋ ነው።»

«እዚያ ጋ አልቆፍርም» አለ ዳልጮ። በርከክ ብሎ ከሁለቱ የእግር ቦታዎች ዳር በእጁ አንድ ስንዝር ለካ፤ እዚያ ላይ ቆፍሮ እንጨቱን ተከለ፣ አፈሩን ረገጠለት። ነቅነቅ አድርጎ አየው፣ አይነቃነቅም። ከዚያ ወደ ዳር ወጣና «ጀምሩ» አለ።